በአንድ እግር ጫማ የተመለሰው ኢሜይል

ባለፈው ቅዳሜ ስልኬ ሽሮ ድስት ውስጥ ገባ። እንዴት እንደገባ አትጠይቁኝ፤ ባለቤቴ የጠየቀችኝ ይበቃል። አውጥቼ ጠረግሁት፣ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፣ ሩዝ ውስጥ ቀበርሁት፤ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ ሰቆጣ መናኸሪያ አጠገብ ስልክ ወደምትጠግን አንዲት ልጅ ወሰድሁት። ከፈተችው፣ አሸተተችው፣ “ጋሼ፣ በርበሬው በዝቷል” አለችኝ። ለቀልዷስ እስቅላት ነበር። ቀጥላ ግን ያቺን ቃል ጣለችብኝ።

“ባክአፕ አለዎት?”

ባክአፕ! ተጠባባቂ ቅጂ ማለቷ ነው፤ ይህችን ቃል በሰማሁ ቁጥር የግራ መንጋጋዬን ያመኛል። ሐኪም ዘንድ ሄጄ ጥርስህ ደህና ነው ብሎ መልሶኛል። ጥርሴ ደህና መሆኑንማ እኔም አውቃለሁ። ሕመሙ የወጣትነቴ ነው፤ በአንድ የዐቢይ ጾም ሳምንት ጥርሴን ሳፋጭ ከርሜ ያተረፍሁት።

ያኔ እዚሁ ሰቆጣ፣ የመጠጥ ውኃ በሚሠራ አንድ ፕሮጀክት ቢሮ ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበርሁ። ባለሙያ መባል ቀላል አይምሰላችሁ። ፎቶ ኮፒው ሲነክስ፣ አምፖል ሲቃጠል፣ የዘበኛው ሬዲዮ ሲያስነጥስ የምጠራው እኔ ነበርሁ። አንድ ቀን ጥርሱን የታመመ ሾፌር ሳይቀር “እስቲ እይልኝ” ብሎኛል።

ቢሮው የራሱ የኢሜይል ሰርቨር ነበረው። ሰርቨር ማለት የሠራተኛው ሁሉ ደብዳቤ ተሰብስቦ የሚያድርበት ኮምፒውተር ነው። የኛው ከጠረጴዛ ሥር ተቀምጦ ቀን ከሌት እንደ በሬ ሲያገሳ የሚኖር ጥቁር ሣጥን ሲሆን፣ ክረምት ክረምት የቢሮው ድመት እላዩ ላይ ትተኛ ነበር። ጠላቱ ድመቷ አይደለችም፤ መብራት ነው። ሰቆጣ መብራት ሲሄድ ማንም አይደነግጥም። የሚያስደነግጠው ሲመጣ ነው፤ ሲመጣ እንደ ጎርፍ ድንጋይ እያንከባለለ ነው የሚመጣው።

ሥልጠና የወሰድሁበት አስተማሪ አንድ ነገር አጥብቆ ነግሮኝ ነበር። “ደብዳቤው ሁሉ የተከማቸበትን ዳታቤዝ በየሳምንቱ ወደ ሌላ ዲስክ ቅዳ። አንዱ ቅጂ ሁልጊዜ ከቢሮው ውጪ ይደር፤ ቤቱ ቢቃጠል ደብዳቤው ይተርፋል።” እኔም ይህን ለሥራ አስኪያጃችን ለጋሽ መብራቱ ነገርሁ። ጋሽ መብራቱ እንደ ስልክ እንጨት ረጅምና ቀጥ ያሉ፣ ቃል የማያባክኑ ሰው ነበሩ። ጥቂት አሰቡና፣ “ከቤት ውጪ የሚያድር ንብረት አደራ ነው” አሉኝ። የቀዳሁባትን ዲስክ ከእጄ ወስደው በጋቢያቸው ሸሸጉና ቀጥ ብለው ገበያ ወረዱ። እኔ ከኋላ። የገቡት ጨርቅ ነጋዴው ሐጅ እንድሪስ ሱቅ ነው።

“እንድሪስ፣ ይህችን በአደራ ያዝልኝ።”

“ምን አለባት?” አሉ ሐጅ፣ ዲስኳን እንደ ዕንቁላል ወደ ብርሃን እያነሱ።

“ደብዳቤ።”

“የስንት ሰው?”

“የቢሮው ሁሉ።”

“ሱብሃነላህ! ያ ሁሉ ሰው እዚች ውስጥ?” አሉና በነጭ አቡጀዲ ጠቀለሏት፤ ዙሪያዋን በመርፌ ሰፉና ከዕቃ ሣጥናቸው ሥር አኖሯት።

ዋግ ውስጥ አደራ እንዴት እንደሚጠበቅ ላላየ ሰው ማስረዳት ይቸግራል። ሰው ክፉ ቀን መጥቶ አገር ሲለቅ እህሉን፣ ልብሱን፣ የሚስቱን ጌጥ ለሚያምነው ሰው ሰጥቶ ይሄዳል። ያ ሰው በረኃብ ቢሞት እንኳ ጎተራውን አይነካም። መመለሻው ደንብ ደግሞ አንድ ነው፦ አደራ የሰጠው እጅ ራሱ ይቀበላል። ሌላ እጅ የንጉሥም ቢሆን አይቀበልም።

ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ ሥነ ሥርዓት ሆነ። ከሰዓት በኋላ ኢሜይሉን እዘጋለሁ፤ ዳታቤዝ እንደ ጠላ ጋን ነው፣ እየፈላ ካነሣኸው ይገነፍላል። ሠራተኛው “ሞላ ዓርብን ሠረቀን” እያለ ይረግመኛል። ሰርቨሩ ላይ በተሰካችው ዲስክ እቀዳና ከጋሽ መብራቱ ጋር ገበያ እንወርዳለን። አዲሷን ይሰጣሉ፣ የቆየችውን ይቀበላሉ፣ እኔ የቆየችውን መልሼ ሰርቨሩ ላይ እሰካለሁ። የእኔ ድርሻ ከኋላ መቆም ነበር፤ እንደ ሚዜ።

በዚያ ዐቢይ ጾም ጋሽ መብራቱ ከሰቆጣ ወዲያ ማዶ ካለ አንድ የዋሻ ቤተ ክርስቲያን ሱባኤ ገቡ። ሲሄዱ በቢሮው ላይ እማዋይሽን ወከሉ። ማኅተሙን ሰጧት። የመኪናውን ቁልፍ ሰጧት፤ መኪናው ከቆመ ዓመት አልፎታል። የሐጅ እንድሪስን ነገር ግን ረሱት።

እማዋይሽ የውኃ መሐንዲሳችን ነበረች፤ የፃግብጂ ገጠር ልጅ። እናቷ እዚያው መንደር ውኃ ፍለጋ ጀሪካን አዝለው ግማሽ ቀን ቁልቁል የሚወርዱ ሴት ናቸው። መንደሩ ውስጥ ሁለት ጊዜ በግምት ተቆፍሮ ሁለቱም ጊዜ አቧራ ብቻ ወጥቷል። እማዋይሽ ዓመት ሙሉ ለምና አስጠናችው። አንድ ባለሙያ መጥቶ ተራራው ላይ ሽቦ ዘርግቶ፣ የምድሩን ሆድ አዳምጦ፣ መቆፈር ያለበትን ነጥብ በኢሜይል ላከላት። ወረቀት ላይ አላተመችውም፤ ማተሚያችን ቀለም የጨረሰው ከጥምቀት በፊት ነው። ባለሙያውም ከዚያ በኋላ ሥራውን ለቆ፣ ስልኩን ዘግቶ፣ የት እንደገባ የሚያውቅ ጠፋ።

መቆፈሪያው ማሽን ከወልድያ በኩል እያቃሰተ መጥቶ ከተማው መግቢያ ላይ የቆመው ረቡዕ ጧት ነው። ፎርማኑ ከንፈሩ የተሰነጣጠቀ፣ ትዕግሥቱ ከከንፈሩ የባሰ የተሰነጣጠቀ ሰውዬ ነበር። “ነጥቡን ስጡኝ” አለ። “እስከ ዓርብ እጠብቃለሁ። ቅዳሜ ጧት ወደ ሌላ ዞን ነኝ፤ ተመልሼም አልመጣ።”

እማዋይሽ እየበረረች ቢሮ ገባች። ወንበሯን ሳትስብ መብራት ሄደ። ቆሎ ቆርጥመን ሳንጨርስ መጣ። ሲመጣ ከጠረጴዛው ሥር አንድ ነገር ጧ! አለ፤ ድመቷ በመስኮት ወጣች፤ የተቃጠለ ጎማ የመሰለ ሽታ ቤቱን ሞላው። ሰርቨሩ ሞተ። የተሰካችበትን ዲስክም ይዟት ሞተ።

እማዋይሽ አልጮኸችም። “ሞላ” አለችኝ ቀስ ብላ፣ “ነጥቡስ?”

“አይዞሽ፣ ሐጅ ዘንድ አለ” አልኋት። ያን ጊዜ ኩራቴ ከዋግ ተራራ ይበልጥ ነበር። ይሄውላችሁ አርቆ አሳቢ ሰው ብዬ በልቤ ለራሴ እያጨበጨብሁ ከእማዋይሽ ጋር ገበያ ወረድሁ።

ሐጅ እንድሪስ ሲያዩን ደስ አላቸው። “ቁጭ በሉ! አንተ፣ ሁለት ሻይ! ጾመኞች ናቸው፣ ወተት እንዳትነካባቸው!” ብለው ወደ ሻይ ቤቱ ጮኹ።

“ሐጅ፣ ሰርቨሩ ተቃጠለብን። ዲስኳን ልወስድ ነው።”

“አላህ ይተካችሁ። መብራቱ የት አለ?”

“ሱባኤ ገብተዋል።”

“እንግዲያ ሲወጣ ይምጣ።”

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ሐጅ አልሳቁም።

“እሳቸው እስኪወጡማ መቆፈሪያው ማሽን ይሄዳል! ሐጅ፣ እኔን አያውቁኝም? በየዓርቡ የምመጣው እኔ እኮ ነኝ!”

“አውቅሃለሁ። ሞላ ነህ። የእናትህን የሰርግ ቀሚስ የቆረጥሁት እኔ ነኝ። ሱቄን ጠብቅልኝ ብልህ ቁልፉን ጥዬልህ እሄዳለሁ። ይህችን የሰጠኝ ግን መብራቱ ነው።”

“ውስጧ ያለውን በገዛ እጄ የቀዳሁት እኮ እኔ ነኝ!”

“ሸማኔም ጋቢውን በገዛ እጁ ይሠራል። ሰው ገዝቶ አደራ ካስቀመጠው በኋላ ሸማኔው መጥቶ ‘የሠራሁት እኔ ነኝ’ ቢለኝ ልስጠው?”

እማዋይሽ ቢሮ ሮጣ በእጇ ጽፋ፣ ማኅተም አሳርፋ መጣች። ሐጅ መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት። “ማኅተሙ ያምራል” አሉና መለሱላት። “አደራውን የሰጠኝ ግን ማኅተሙ አይደለም፣ ልጄ።”

የጨርቅ መለኪያውን ሜትር ልነክሰው ምንም አልቀረኝ። ዲስኳ ከተቀመጥሁበት ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ ሣጥን ውስጥ ተኝታለች። ሻዩ ደግሞ መጣ፣ ብስኩት ተጨመረ፣ “ጠጡ እንጂ” ተባልን። ሰው እንዲህ እያስተናገደ ሲከለክልህ ለመሳደብ እንኳ አይመችም።

ልንወጣ ስንል ጠሩን። “ስሙ። መብራቱ ራሱ መምጣት ካቃተው ምልክት ይላክልኝ። እኔና እሱ ብቻ የምናውቀውን።”

“ምንድን ነው እሱ?” አልሁ።

“አንተ ካወቅኸውማ ምልክት መሆኑ ቀረ።”

ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ወደ ጋሽ መብራቱ ተነሣን። ባጃጁ መንገዱ እስከሚያልቅበት አደረሰንና፣ “ከዚህ በኋላ እግዚአብሔር ይከተላችሁ፣ እኔ ጎማ የለኝም” ብሎ ተመለሰ። የጾም ፀሐይ የዋግን ድንጋይ ከነቆዳው ያበስለዋል። ቁልቋሉ ጥላውን ለራሱ ብቻ ነው የሚያጠላ። የዋግ ተራራ ደግሞ ወጣሁት ስትል ታላቅ ወንድሙ ከጀርባው ቆሞ ይጠብቅሃል፤ እሱን ስትጨርስ አባታቸው አለ። እኔ መብራትን፣ ሐጅን፣ አስተማሪዬን፣ ኢሜይልን የፈጠረውን ሰው እያዳረስሁ እረግማለሁ። እማዋይሽ ከፊቴ ትራመዳለች። ደረቅ ወንዝ ስንሻገር አሸዋ ጭረው ውኃ በቅል የሚቀዱ ሴቶች አየን። ያን ጊዜ መራገሜን ተውሁ።

ጋሽ መብራቱን ያገኘናቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ወይራ ሥር ነው። የተነከረ ሽምብራ በቅጠል ላይ ይዘው አንድ አንድ እያነሱ ያላምጣሉ። እንደ ሕፃን እየሮጥሁ፣ “ጋሽ መብራቱ!” ስል እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ። አጠገባቸው የነበሩ አንድ አዛውንት ለእማዋይሽ በአገሩ ቋንቋ በኽምጣና የሆነ ነገር ነገሯት።

“አርምሞ ይዘዋል፣ እስከ እሑድ አይናገሩም ይላሉ” ብላ ተረጎመችልኝ።

“እኔ ደግሞ እስከ እሑድ አልኖርም በያቸው!”

ቁጭ ብዬ ዘርዝሬ ነገርኋቸው። ሰርቨሩ ተቃጠለ ስል ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሐጅ ከለከሉን ስል ጢማቸው ሥር አንድ ነገር ፈገግ ያለ መሰለኝ፤ ይህን ሳይ ደሜ ፈላ። በጣታቸው አፈር ላይ እንኳ አንድ ቃል ቢጽፉልኝ ለመንሁ። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ለካ መጻፍም መናገር ነው።

እማዋይሽ ያን ጊዜ ተንበረከከች። “ጋሽ መብራቱ” አለች፣ “ሦስተኛውም ጉድጓድ ከደረቀ ለእናቴ ምን ብዬ ነው የምነግራት? እርስዎ ቢሆኑ ምን ይሏታል?”

ሽምብራቸውን አስቀመጡ። ከዚያ ጎንበስ አሉና የግራ እግር ጫማቸውን አውልቀው ወረወሩት። ደረቴን መታኝ።

“እንዴ! ጭራሽ በጫማ!” ብዬ ብድግ አልሁ። “ይሄን ሁሉ ዳገት የወጣሁት ልመታ ነው?”

ጋሽ መብራቱ ወደ ሽምብራቸው ተመለሱ። እማዋይሽ ጫማውን አነሣች፣ አቧራውን አራገፈች።

“መልሱ ይሄ ነው” አለች።

“ይሄማ ስድብ ነው!”

“ስድብ ቢሆን ሁለቱን ይወረውሩልህ ነበር። ተነሥ።”

ቁልቁለቱን ስንወርድ አንድ አሮጌ የቆዳ ጫማ ተሸክሜ ነበር። ያገኘን መንገደኛ ሁሉ መጀመሪያ ጫማውን፣ ቀጥሎ የእኔን እግር፣ ቀጥሎ ፊቴን ያያል። አንዷ ሴትዮ፣ “ልጄ፣ ባለቤቱ ገደል ገባ?” ብላ አልቅሳልኛለች።

ሐጅ እንድሪስ ሱቅ ደርሰን ጫማውን ባንኮኒው ላይ አኖርሁት። ሐጅ አገላብጠው አዩት።

“የግራው?”

“የግራው” አለች እማዋይሽ።

ያን ጊዜ ሐጅ መሳቅ ጀመሩ። እንዲያ ሲስቅ ያየሁት ሰው የለም፤ ጣቃ ጨርቁ ላይ ተደፉ፣ እንባቸውን በአንድ ክንድ ፖፕሊን ጠረጉ። ሲያባራላቸው ነገሩን። ልጆች ሆነው ከመብራቱ ጋር ሰቆጣ ትምህርት ቤት ሲማሩ ለሁለት አንድ የኮንጎ ጫማ ነበራቸው። አንድ ቀን አንዱ፣ አንድ ቀን ሌላው ይጫማል። የፈተናው ዕለት ግን ሁለቱም መግባት ነበረባቸው፤ ዘበኛው ደግሞ ባዶ እግር አያስገባም። መብራቱ የግራውን ተጫማ፣ እንድሪስ የቀኙን። የቀረ እግራቸውን በጨርቅ ጠምጥመው፣ እያነከሱ፣ ቆስለናል ብለው ገቡ።

“ዘበኛው ምን አለ መሰላችሁ? ‘ዛሬ ደግሞ የየትኛው ጦርነት ቁስለኛ ነው?’” አሉ ሐጅ። “ይህን ለሰው ተናግረነው አናውቅም። ሚስቶቻችንም አይሰሙ።”

ሣጥኑን ከፈቱ፣ ስፌቱን በምላጭ ፈቱ፣ ዲስኳን በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። ጫማውን ግን አስቀሩት።

ያለቀ መስሏችሁ ከሆነ መብራትን አታውቁትም። ቢሮ ስንደርስ ሄዷል። እማዋይሽ የራሷን ኮምፒውተር ከነገመዱ ነቅላ ባጃጅ ላይ ጫነችው። ከተማው መግቢያ፣ መቆፈሪያው ማሽን ጄነሬተር ላይ ሰካነው። አስቡት፤ በፀሐይ መጥለቂያ፣ የግመል አንገት ከሚያህል ብረት ሥር፣ በርሜል ላይ ኮምፒውተር አስቀምጬ የኢሜይል ዳታቤዝ ወደ ቦታው እመልሳለሁ። ፕሮግራሙን ጫንሁ፣ ቅጂውን አጋባሁ፣ ዳታቤዙ ክፈቱኝ ሲል ቁልፉን ተጫንሁት። ያቺ ሥራው የት እንደደረሰ ልታሳይ በኮምፒውተሩ መስታወት ላይ የምትሳብ አረንጓዴ መስመር ከአህያ ትዘገያለች፤ አህያ እንኳ ቢቸግርህ ትገፋዋለህ። ፎርማኑ ከኋላዬ ቆሞ፣ “አሁንስ? አሁንስ?” እያለ ጆሮዬ ላይ ይተነፍሳል።

ሲቀዳ በደንብ ተዘግቶ ነበርና በደንብ ተከፈተ። ዓርብን ሠረቅኸን ያላችሁኝ ሁሉ፣ ስሙ! የእማዋይሽ የኢሜይል ሣጥን ደብዳቤ በደብዳቤ ሞላ። እሷ በጣቷ ቁልቁል ወረደች፣ ቆመች፣ ከፈተች። ካርታው ወጣ። ቀይ ነጥቧ ሁለቱ ደረቅ ጉድጓዶች ካሉበት ማዶ፣ ማንም ውኃ ይኖራል ብሎ ከማይጠረጥረው ድንጋያማ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። እማዋይሽ ቁጥሮቹን መዳፏ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈች። ከዚያ ኮምፒውተሩን አቀፈችና አለቀሰች። እኔን ማቀፍ ይገባት ነበር፤ ግን ግድ የለም።

ፎርማኑ ኮፍያውን አስተካከለ። “ሴትዮ፣ መዳፍሽን እንዳትታጠቢ” ብሎ ሞተሩን አስነሣ።

ውኃው ወጣ። የእማዋይሽ እናት የመጀመሪያውን በእፍኛቸው ቀምሰው፣ “ጭቃ ጭቃ ይላል” ብለው አጣጣሉት አሉ፤ ከዚያ ደግመው ጠጡ፣ ደግመው ጠጡ። ጋሽ መብራቱ እሑድ ሲመለሱ አንድ እግር ጫማ ተጫምተው ነበር። ሐጅ የቀረውን በቀለም አሳምረው በጋሽ መብራቱ ደጅ ጠበቋቸው። አንዱ ተጫማ፣ ሌላው ሄደ።

የእኔ ፍዳ ግን አላለቀም ነበር። ሰኞ ኮምፒውተሩን ከመስመር ጋር ሳገናኘው፣ ቅጂው ውስጥ ሳይላኩ ተወዝፈው የነበሩ ደብዳቤዎች ሁሉ ተነሥተው ወጡ። አንዱ ከወራት በፊት ለተጠናቀቀ ሥልጠና የተጻፈ ጥሪ ነበር። በሳምንቱ የየወረዳው ሰው በበቅሎም በእግርም መጥቶ ግቢያችንን ሞላው። “ሥልጠናው አልቋል” ብል ማን ይሰማኛል! “እኛ ደረስን እኮ፤ ማለቁ የናንተ ጣጣ ነው። አበሉስ?”

ይህን ሁሉ ለስልክ ጠጋኟ ልጅ አላወራኋትም። አዲስ ስልክ ሸጠችልኝ፤ “የድሮው ነገርዎ ሁሉ ክላውድ ላይ፣ የኢንተርኔቱ ደመና ላይ አለ፣ አይጨነቁ” አለችኝ። ወደ ሰማይ አንጋጠጥሁ፤ ደመና የሚባል የለም። ስልኩ ግን እኔ እኔ መሆኔን አረጋግጥ አለኝ። የልጅነት ጓደኛህ ማን ነበር፣ ብሎ ጠየቀኝ። የአንዱን ስም ጻፍሁ፤ አይደለም አለ። የሌላውን ጻፍሁ፤ አይደለም አለ።

“እኔ እኮ ነኝ!” ብዬ ጮኽሁ፤ መናኸሪያው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

“እኔማ አውቅዎታለሁ ጋሼ” አለች ልጅቷ፣ “የማያውቅዎት እሱ ነው።”

ሐጅ እንድሪስ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ነፍሳቸውን ይማር። ያን ዕለት በልቤ የረገምኋቸውን ያህል ዛሬ እመርቃቸዋለሁ። እሳቸው ሲከለክሉኝ ማንነቴን አውቀው፣ የእናቴን ቀሚስ አስታውሰው፣ ሻይ አቅርበውልኝ ነው። ሲሰጡም በሁለት እጃቸው ነው። ከዚህ የስልክ መስታወት ጋር ግን እንዴት እንደምግባባ ጨንቆኛል። በዚህች ደቂቃ እንኳ ቁጭ ብዬ የግራ ጫማዬን እያየሁ ነው፤ ባወልቀው፣ ብወረውረው ደስ ይለኝ ነበር። ግን ለማን? እሱ ከማንም ጋር ጫማ ተጋርቶ አያውቅም።